ከ19 ወር በኋላ እንደገና መዝለል
(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እኛ አራት ጓደኛሞች ነን። አራታችንም የዚሁ ማኅበር ልጆች ነን፤ በዚህ አዳራሽ እስክስታ ስንማር፣ ለሲግድ ዳቦ ስናድል፣ ወንበር ስንደረድር አይታችሁናል። የዘንድሮ አዘጋጆች "ስለዚያ ስለምትዘሉት ነገር ተናገሩ" ሲሉን መጀመሪያ እምቢ ብለን ነበር። ምክንያቱም እናንተን እናውቃችኋለን። ወላጆች "አብደዋል" ትሉናላችሁ፣ ልጆች ደግሞ "ቪዲዮው የታለ?" ትላላችሁ። ቪዲዮ አላመጣንም። ሌላ ነገር ግን ይዘን መጥተናል፣ በመጨረሻ ታዩታላችሁ።

ንግግሩን አራታችን ተቀምጠን ነው የጻፍነው። ስለዚህ "እኛ" ስንል አራታችንንም ነው። የተጎዳችው ጓደኛችን ስሟን እንዳንጠራ አስጠንቅቃናለች። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ለማንኛውም ሁላችሁም ታውቋታላችሁ።

በቅድሚያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንናገር፤ ብዙ ወላጆች ከጻቫው ጋር ስለሚያምታቱት ነው። ጻንሃን ሆነው ያገለገሉ ወንድሞቻችሁ የዘለሉት ዝላይ ሌላ ነው። እዚያ ወታደሩ ከዝቅተኛ ከፍታ ነው የሚዘለው፤ ፓራሹቱ ከአውሮፕላኑ ጋር በገመድ የተያያዘ ስለሆነ ራሱ ይከፈትለታል። አምስት ጊዜ ዘሎ ክንፉን ደረቱ ላይ ያደርጋል። የእኛው በዕብራይስጥ "ጽኒሃ ሆፍሺት" የሚሉት ነው። አውሮፕላኑ ወደ 4,000 ሜትር ያወጣናል፤ ከዚያ 50 ሰከንድ ያህል ምንም ሳንከፍት እንወርዳለን። ፍጥነቱ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በግምት 1,500 ሜትር ላይ ስንደርስ በገዛ እጃችን እንከፍታለን። ከዚያ በኋላ ያለው አምስት ደቂቃ ዝም ያለ ነው፤ የራሳችሁን ትንፋሽ ትሰማላችሁ፣ ታች ያለው መኪና እንደ ምስር ፍሬ ይታያችኋል።

በአማርኛ "ጃንጥላ" እንላለን፣ ቃሉ ጥሩ ነው፤ የዛሬው ፓራሹት ግን ጃንጥላ አይመስልም። ክብ አይደለም፣ አራት ማዕዘን ነው። ፊት ለፊቱ ክፍት የሆኑ ኪሶች አሉት፤ ነፋስ ሲገባባቸው ይነፋና እንደ አውሮፕላን ክንፍ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ጨርቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ያመጣው ዶሚና ጃልበርት የሚባል ሰው ነው፤ ካይት ይሠራ የነበረ ሰው ነው። ክንፍ ስለሆነ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ሊያርፍ ሲልም ሁለቱን የመሪ ገመዶች ወደ ታች ስትስቡ ፍጥነቱን ይቀንሳል። በደንብ ከተሳበ አንድ ደረጃ እንደመውረድ ነው።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀን "ባይከፈትስ?" ብሎ ነው። እሺ፣ መልሱን በአጭሩ። ጀርባችን ላይ ሁለት ፓራሹት አለ። ዋናው ከተበላሸ ደረታችን ላይ ያለውን አንዱን እጀታ ስበን እንጥለዋለን፣ ሌላውን ስበን መጠባበቂያውን እንከፍታለን። ራሳችንን ስተን ምንም ባናደርግ ደግሞ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። ከመሬት 225 ሜትር ገደማ ላይ ሆነን አሁንም በከፍተኛ ፍጥነት እየወደቅን እንደሆነ ካወቀች መጠባበቂያውን ራሷ ትለቀዋለች። ሳይፕረስ የምትባለው የዚህ ዓይነት መሣሪያ በ1991 በጀርመን ወጥታ ብዙ ነፍስ አድናለች። ዓመቱ ለወላጆቻችን ሌላ ትዝታ እንዳለው እናውቃለን፤ እሱ ላይ እንመለሳለን።

ወላጆቻችን የማያውቁት፣ እኛም ስንጀምር ያላወቅነው ነገር ይህ ነው፦ ሰው በብዛት የሚጎዳው ፓራሹቱ አልከፈት ብሎ አይደለም። ደህና ተከፍቶ፣ ሁሉም ነገር ሰላም ሆኖ፣ መሬት ላይ ሲያርፍ ነው። ጓደኛችንም የተጎዳችው እንደዚያ ነው።

አርባ አንደኛ ዝላይዋ ነበር። ዕለቱ ዓርብ ነው። ሁልጊዜ ዓርብ ነው የምንዘለው፤ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ነው የሚሄደው፣ እኛ ቤት ግን ሰንበት ሰንበት ነው። ቦታው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር የሚኖር ያውቀዋል፣ ጠዋት ነፋሱ ከየብስ ወደ ባሕር ይሄዳል፣ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው ደግሞ ይገለበጥና ከባሕር ወደ የብስ ይነፍሳል። አውሮፕላኑ ለመውጣት ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በዚያች ሩብ ሰዓት ነፋሱ ተገለበጠ። ሌሎቻችን ከእሷ በፊት ስለወጣን ከማረፊያው ሜዳ ደረስን። እሷ አልደረሰችም፤ ከሜዳው አጠገብ የታረሰ ማሳ ነበር፣ ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙራ እዚያ አረፈች። ገመዶቹን በጊዜው ሳበች፣ ቀስ ብላም ወረደች። ግራ እግሯ ግን ትልም ውስጥ ገባ። ሰውነቷ ወደ ፊት ሄደ፣ እግሯ እዚያው ቀረ። ቁርጭምጭሚቷ በሁለት በኩል ተሰበረ።

ስንደርስ አልጮኸችም። "ጫማዬን አታውልቁት" ነው ያለችው። ልክ ነበረች፤ እንዲህ ሲሆን ጫማ አይወልቅም።

ስለ ሆስፒታሉ ብዙ አንናገርም። ሐኪሞቹ ጥሩ ነበሩ፣ ኮሪደሩ ብርድ ነበር። አንድ ነገር ግን እንንገራችሁ። እንደ ብዙዎቻችሁ ልጆች እኛም ከስድስት ዓመታችን ጀምሮ አስተርጓሚዎች ነን። በባንክ፣ በትምህርት ቤት፣ በኩፓት ሆሊም "ምን አለ?" ስትሉን እንነግራችኋለን። ያን ቀን ደግሞ ልጅቷ አልጋው ላይ ተኝታ ስለ ራሷ እግር ሐኪሙ የሚለውን ለእናቷ ታስተረጉማለች። ሐኪሙ "ፕላቲና እናስገባለን፣ በሰባት ብሎን እናስረዋለን" አለ። በዕብራይስጥ አጥንት የሚታሰርበትን ብረት ፕላቲና ነው የሚሉት። እናቷ ይህን ሲሰሙ ፀጥ ብለው ቆዩና "ፕላቲና ከወርቅ ይወደዳል አይደል? እንግዲህ ለጥሎሿ ይቆጠርልን" አሉ። ሐኪሙ ለምን ሁላችንም እንደሳቅን አልገባውም። ለእሱ አላስተረጎምንለትም።

አያቷ በበኩላቸው ወጌሻ ይምጣ ነው ያሉት። ቀልድ አይደለም፤ አገር ቤት ሳሉ የስንቱን አጥንት ወጌሻ እንዳቀና ያውቃሉ። እዚህ ብሎን ይገባል፣ እዚያ ቀርከሃ ይታሰር ነበር። ሁለቱም "አትነቃነቂ" ነው የሚሉት፤ ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ወጌሻው ሲፈታሽ በቃ ተነስተሽ ሂጂ ነው። ፊዚዮቴራፒ ግን የሚጀምረው ሲፈታ ነው።

ስድስት ሳምንት እግሯን መሬት ላይ አላደረገችም። ጀሶው ሲፈታ የግራ ባቷ የቀኙ ግማሽ ይመስል ነበር። ከዚያ ወራት የፈጀ ሥራ መጣ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ከእናንተ ኳስ የሚጫወት፣ የሚሮጥ፣ የሚጨፍር ሁሉ አንድ ቀን ይጠቅመዋል። አጥንት ሲገጥም ሰው "ዳንኩ" ይላል። ፎቶውን ያያል፣ ስንጥቁ የለም፣ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ቁርጭምጭሚት ውስጥ ለአእምሮ "እግርህ አሁን እንዲህ ዘንበል ብሏል" ብሎ የሚናገር ስሜት አለ፤ ሲጎዳ እሱም አብሮ ይደነዝዛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ከባድ ሥራ በአንድ እግር ቆሞ ዓይንን መጨፈን ነው። እስኪ ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት፤ ደህናው እግራችሁ እንኳ ይንቀጠቀጣል። እሷ መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ ነበር የቆመችው። በአራተኛው ወር ግማሽ ደቂቃ ደረሰች። ከዚያ በአንድ እግር ተረከዝ ማንሳት መጣ፤ በደህናው እግር ሃያ አምስት ጊዜ ካነሳች በተጎዳውም ያንኑ ያህል እስክታነሳ። ከዚያ ከደረጃ መዝለል፦ 20 ሳንቲ ሜትር፣ 40፣ 60። ፊዚዮቴራፒስቷ ስትቸኩልባት "ለአት፣ ለአት" ትላት ነበር። ጓደኛችን "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" የሚለውን በዕብራይስጥ ልታስረዳት ሞክራ ነበር፤ ሴትዮዋ እንቁላሉ መጨረሻው ዶሮ መሆኑ እስኪገባት ድረስ ግማሹ ሕክምና አለቀ።

ታዲያ እኛ ሦስታችን ምንም አልሆንን፤ ለምን ቆምን? ይህን ብዙ ሰው ጠይቆናል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሆስፒታል ስለምንመላለስ ነው እንል ነበር። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ሥራ መጣ፣ ክረምት መጣ። እውነቱ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ነው። ዓርብ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ እናያለን፣ ስልክ ግን አንዳችንም አናነሳም። ማንም "እንሂድ" አላለችም፣ ማንም "በቃን" አላለችም። 19 ወር እንዲህ ሄደ።

በ19 ወር ውስጥ ምን ይጠፋል? ይህን ለማወቅ ደንቡን ማንበብ ይበቃል። በአሜሪካ የፓራሹተኞች ማኅበር ደንብ የመጀመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው ቢያንስ 25 ጊዜ ለዘለለ ነው። ፈቃዱ በእጃችሁ እያለ እንኳ 60 ቀን ሳትዘሉ ከቆያችሁ ከአሠልጣኝ ጋር ዘላችሁ እንደገና መታየት አለባችሁ። ተማሪ ከሆናችሁ 30 ቀን ብቻ ነው። ስድሳ ቀን! እኛ ወደ 580 ቀን ቆይተናል። ደንቡ ለምን እንዲህ ጥብቅ ሆነ ብለን አሠልጣኛችንን ጠይቀነው ነበር። ሳይመልስልን አንዷን ጣሪያ ላይ በተሰቀለ መታጠቂያ አንጠለጠላት፣ "ፓራሹትሽ ተጠምዟል" ብሎ ጮኸባት፣ ሰዓቱን ያዘ። እጇ እጀታውን ፍለጋ ደረቷ ላይ ተንከራተተ። ድሮ አንድ ሰከንድ የሚበቃት አራት ሰከንድ ፈጀባት። በዚያ ከፍታ አራት ሰከንድ ምን ማለት እንደሆነ እሱም አልተናገረም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ስለዚህ አንድ ሙሉ ቀን ተንጠለጠልን። እይ፣ ያዝ፣ ሳብ፤ እይ፣ ያዝ፣ ሳብ። ምሳ ሰዓት ላይ ትከሻችን በልቶ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ መውደቅ ተማርን። መውደቅ ትምህርት ነው ብትባሉ ትስቃላችሁ፤ ነው ግን። ሁለቱ እግሮች ተጣብቀው፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ መጀመሪያ የእግር ፊት መሬት ይነካል፣ ከዚያ የባት ጎን፣ ጭን፣ ዳሌ፣ በመጨረሻ የጀርባ ጎን። ድንጋጤው በአንድ አጥንት ላይ እንዳያርፍ ለአምስት ቦታ ይከፋፈላል። ጓደኛችን ይህን ከጠረጴዛ ላይ ስልሳ ጊዜ ያህል ዘላ ተለማመደችው። እኛ ሃያ ላይ ደከመን።

ዕቃውም ቢሆን እንደ ሰው ነው። አራታችን ተዋጥተን የገዛነው አንድ አሮጌ ፓራሹት አለን፤ ያን ሁሉ ጊዜ በአንዳችን እናት ቁም ሳጥን ውስጥ ከጋቢዎች ሥር ተቀምጦ ነበር። በአሜሪካ ደንብ መጠባበቂያው በየ180 ቀኑ ተፈትቶ፣ ታይቶ፣ ፈቃድ ባለው ባለሙያ መታጠፍ አለበት። የእኛው ቀኑ ሦስት ጊዜ አልፎበታል። ባለሙያው ሲፈታው የቡና ሽታ ወጣ። "ይህ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ። ብል እንዳይበላው ብለው እናታችን አጠገቡ ምን እንዳስቀመጡ እኛም ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

ለእሷ ግን ያን ፓራሹት አልሰጠናትም። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ አለ፤ ተማሪዎች ስሙ። ፓራሹት የትም አገር ቢሆን የሚለካው በካሬ ጫማ ነው፣ ክብደት ደግሞ በፓውንድ። የእኛው 190 ካሬ ጫማ ነው። ጓደኛችን ከነዕቃዋ 72 ኪሎ ናት፣ ማለት 159 ፓውንድ ገደማ። 159ን ለ190 ስታካፍሉ 0.84 ይመጣል። አሠልጣኙ 230 ካሬ ጫማ አከራያት፤ አሁን 0.69 ሆነ። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፓራሹቱ ቀስ ይላል፣ ለስህተትም ይቅር ይላል። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው ትልቁን አይዝም? ትልቅ ሲሆን ወደ ፊት የሚሄድበት ፍጥነት ስለሚቀንስ ኃይለኛ ነፋስ ካለ ወደ ኋላ ይገፋችኋል። ስለዚህ ትልቅ ፓራሹት የያዘ ሰው ረጋ ያለ ቀን መጠበቅ አለበት። ለተማሪ የተቀመጠው ልክ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ ለእሷ 15 አልን። በዚህ ምክንያት ሁለት ዓርብ ሄደን ሁለት ዓርብ ቡና ጠጥተን ተመለስን። በሁለተኛው ዓርብ ዕቃውን ለብሳ ነበር፤ ነፋሱ 17 ሲል አወለቀች። እኛ እንደ ትልቅ ነገር የምናየው ያቺን ማውለቅ ነው።

ስንዘጋጅ ስለተመለሱ ሰዎች አነበብን። ጆሴፍ ኪተንገር የሚባል የአሜሪካ አየር ኃይል ሰው ነበር። በኅዳር 1959 ከ23,000 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ከባሉን ላይ ሲዘል ትንሿ ፓራሹት ያለጊዜዋ ወጥታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ በኃይል እየተሽከረከረ ራሱን ሳተ። ያዳነው ራሱ የሚከፈተው መጠባበቂያ ነው። ከ25 ቀን በኋላ እንደገና ዘለለ። በነሐሴ 1960 ደግሞ ከ31,300 ሜትር። ሰው ይህን ሲያነብ "ጀግና!" ይላል። እኛም አልን። ግን 25 ቀን ለእኛ አይሆንም፤ እሱ ወታደር ነው፣ አጥንቱም አልተሰበረም። ለልጆች "ከፈረስ ስትወድቅ ወዲያው ውጣ" እያሉ መንገር ጥሩ አይመስለንም። የእግሩ ነገር መጀመሪያ ይታይ።

ይልቅ ደስ ያለን የፌሊክስ ባውምጋርትነር ነገር ነው። በጥቅምት 2012 ከ39 ኪሎ ሜትር ገደማ የዘለለውን ብዙዎቻችሁ በስልካችሁ አይታችኋል። ያላያችሁት ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። ሰውየው ከፍታ አይፈራም ነበር፤ የፈራው ልብሱን ነው። ያ የተዘጋ የጠፈር ልብስ ትንፋሹን የሚያፍነው ስለመሰለው በዝግጅቱ መካከል ሁሉንም ትቶ አገሩ ገባ። ከዚያ ከአንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሠርቶ ተመለሰ፤ ልብሱን ለብሶ ዝም ብሎ መቀመጥን ተማረ። በዝላዩ ቀን ደግሞ በሬዲዮ ያናግረው የነበረው ማን መሰላችሁ? ኪተንገር፣ የ84 ዓመት ሽማግሌ ሆኖ።

ታይኒ ብሮድዊክ የምትባል ሴትም ነበረች። በ1908 በ15 ዓመቷ ነው ከባሉን መዝለል የጀመረችው፣ በ1913 ደግሞ ከአውሮፕላን በፓራሹት የወረደች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1922 አቆመች፤ ቁርጭምጭሚቶቿ እምቢ ብለዋት ነው። ይህን ያገኘችው አራተኛዋ ጓደኛችን ናት። አነበበችልንና ስልኳን አስቀመጠች፣ "እኔ አልመለስም" አለች።

እውነቱን ለመናገር ያ ምሽት ከባዱ ምሽት ነበር፤ ከአደጋው ቀን ቀጥሎ። አንዳችን "ትተሽን ልትሄጂ ነው?" አለች። አልተቆጣችም፤ "እግሬ ደህና ነው። ግን ሳስበው ደስ የሚለኝ ከእናንተ ጋር መኪና ውስጥ መሄዱ ነው እንጂ በሩ አይደለም" አለችን። ከዚያ ሦስታችንም ራሳችንን ጠየቅን፤ ማንም ባይቀርጸን፣ ማንም "ዋው" ባይለን፣ ለማንም ባንናገር እንዘልላለን ወይ? የተጎዳችው ጓደኛችን ከሁላችንም ቀድማ "አዎ" አለች። እኛ ሁለታችን ለመመለስ ሁለት ቀን ፈጀብን። አራተኛዋ እስከ ዛሬ አብራን ትሄዳለች። መሬት ላይ ቆማ ነፋሱን የምትለካው፣ "15 ነው፣ ውጡ" ወይም "አይሆንም፣ ውረዱ" የምትለው እሷ ናት። ከሰማይ ስንመጣ መጀመሪያ የምናየው ቢጫ ሻርፏን ነው።

አሁን ወደ ወላጆች እንምጣ። ቅድም 1991 ብለን ነበር። በዚያ ዓመት ግንቦት 24 እና 25 ከአዲስ አበባ ከ14,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ተኩል ወደዚህ መጣ። የሁለታችን እናቶች እዚያ ውስጥ ነበሩ፤ አንዷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ አንዷ የአሥራ አንድ። ወንበሩ ተነቅሎ፣ ወለሉ ላይ ተጨናንቀው። መጀመሪያ ለመዝለል እንደምንሄድ ስንነግራቸው አንደኛዋ እናታችን ያሉት ይህን ነው፦ "እኛ አውሮፕላን ውስጥ ለመግባት ስንት ዓመት ጠበቅን። እናንተ ደግሞ ከውስጡ ትወጣላችሁ?" ለዚህ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘንለትም። አልፈለግንለትምም። ወደ ሜዳው ግን ወሰድናቸው። አሠልጣኙን በእኛ አስተርጓሚነት አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቁት፤ ነፋሱን፣ ማሳውን፣ ማን ወደ ሆስፒታል እንደሚያደርስ። ሌላው ቀርቶ "የታረሰው ማሳ የማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ አሁን ከመውጣታችን በፊት በዙሪያው ያለው መሬት ምን እንደሆነ በእግራችን ሄደን እናያለን።

የጓደኛችን አባት ግን አንድም ቃል አልተናገሩም። የመመለሻው ዓርብ ሲመጣ መኪናቸውን ይዘው ተከተሉን፣ ከሜዳው ዳር አቆሙ፣ ጀርባቸውን ለሰማዩ ሰጥተው ተቀመጡ።

ነፋሱ 11 ነበር። መሬት ላይ ወደ 30 ዲግሪ ነው፤ እላይ ከ4 ወይም 5 አይበልጥም፣ በሩ ሲከፈት ብርዱ አንገት ውስጥ ይገባል። ሦስታችንም ነበርን፣ እሷ ከአሠልጣኙ ጋር። በሩ አጠገብ ተንበርክካ ወደ እኛ ዞረችና "ፕላቲናው ቀዘቀዘኝ" አለች። ከዚያ ሄደች። በጥሩ ከፍታ ከፈተች፣ ከላይ ሆነን ሰማያዊው ክንፍ ሲነፋ አየን። ማረፊያዋ በእግር የሚቆሙበት ነበር፤ እሷ ግን እንደተለማመደችው በአምስቱ ቦታ ተንከባለለች፣ ሣር በሣር ሆና ተነሳች። ግራ እግሯን መሬት ላይ ሁለት ጊዜ መታች፣ በር እንደሚያንኳኳ ሰው።

አባቷ ከመኪናው ወጡ። "በቃሽ?" አሏት። "አልበቃኝም፣ አባዬ" አለች። ጫማዋን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱ። "እንግዲያው ይሄ ጫማ አይሆንም" አሉ፣ ሌላ ነገር አልጨመሩም። በሳምንቱ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ረጅም ጫማ ገዝተው አልጋዋ ሥር አስቀመጡ። ዋጋውን እስከ ዛሬ አልነገሯትም።

ለመጀመር ለምታስቡ ወጣቶች ሦስት አጭር ነገር እንበል። ገንዘቡ ብዙ ነው፤ እኛ በሠርግ አዳራሽ በአስተናጋጅነት ሠርተን ነው፣ ደግሞም ዓመት ፈጅቶብናል። ተራ የአደጋ ኢንሹራንስ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ስፖርት አይሸፍንም፤ ከመፈረማችሁ በፊት ትንንሹን ጽሑፍ አንብቡት፣ ካልገባችሁ ከእኛ ጋር ተቀምጣችሁ እናንብበው። ሦስተኛ፣ ለወላጆቻችሁ ንገሩ። ሄዳችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ሳይሆን፣ በፊት።

ተጎድታችሁ ከኳስ ወይም ከሩጫ ለቀራችሁ ደግሞ፣ የፊዚዮቴራፒውን ልምምድ ዝርዝር ጓደኛችን ጽፋ ይዛለች። ለማንም ትሰጣለች። በአንድ እግር መቆሙን ማን እንደሚያሸንፋት ማየት ትፈልጋለች፤ እስካሁን ማንም የለም።

አሁን ጥያቄ ካላችሁ እንቀበላለን፣ በአማርኛም በዕብራይስጥም። ከዚያ በፊት ግን መሐል ያሉትን ወንበሮች ወደ ግድግዳ ገፋ አድርጉልን። የአራታችንን ፓራሹት ይዘን መጥተናል፤ ሲዘረጋ 17 ካሬ ሜትር ተኩል ይሆናል፣ አዳራሹ ይበቃዋል ብለን ነው። ልጆች፣ ጫማችሁን አውልቁ፤ ቡና የያዘም ሰው አይጠጋ። እናቶች፣ ጨርቁን መንካት ትችላላችሁ። ስፌቱን እዩልን፤ ባለሙያው ደህና ነው ብሏል፣ የእናንተንም አስተያየት እንፈልጋለን።